እድራችን ኮምፒውተር የገዛ ጊዜ

እድራችን ኮምፒውተር ሊገዛ ነው ሲሉኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት «ማን ሞተ?» ብዬ ነው። እድር ሌላ ምን ያስገዛዋል? ድንኳን ይገዛል፣ ድስት ይገዛል፣ አግዳሚ ወንበር ይገዛል፤ ሁሉም ሰው ሲሞት የሚወጣ ዕቃ ነው። ኮምፒውተር ለቀብር ምን ሊያደርግ? ጉድጓድ ይቆፍራል? በኋላ ነው የገባኝ። ከታች ያለው እድር ገዝቷል አሉ። በቃ፣ ያንን ከሰሙ ወዲህ የኛዎቹ ሽማግሌዎች እንቅልፍ የላቸውም። ሰው በጎረቤቱ ሲቀና ኖሬ አይቻለሁ፤ እድር በእድር ሲቀና ግን ያኔ ነው ያየሁት።

ይሄን ስናገር የልጅ ልጄ ናት የምትጽፈው። ያልጣማትን ልትዘል ስትል ጣቷ ይቆማል። ማንበብ ባልችልም የቆመ ጣት አውቃለሁ፤ «ጻፊው!» እላታለሁ።

ታሪኩም የሷ ነው። ኮምፒውተር መገጣጠም ተምራ የቤታችንን ፊተኛ ክፍል ሱቅ አድርጋት ነበር። ሱቅ አልኩ እንጂ፣ አልጋዬን ወደ ጓዳ ገፍታ ጠረጴዛ ያቆመችበት ነው። ሙያ አላት፤ ሞተ ያሉትን ኮምፒውተር አስነስታ ስትሰድ አይቻለሁ። ችግሩ ቤታችን ነው። ካዛንቺስ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከዚያ ደግሞ ገባ ብሎ፣ ከዚያም እንደገና ገባ ብሎ ነው። ደንበኛው ዞሮ ዞሮ ሲያጣን ኡራኤል ይወጣና እዚያው ያሠራል።

እድሩ ደግሞ አስፋልቱ ዳር አንዲት ክፍል አለችው። ድንኳን ይቀመጥባት ነበር፤ ድንኳኑን አዛውረው ሊያከራዩዋት ሆነ። ልጅቷ አመለከተች። አንድ ሥጋ ሻጭም አመለከተ።

«እማማ፣ ይህቺን ክፍል ካላገኘሁ በቃ፣ እዘጋዋለሁ። ሰንጋ ተራ አንድ ቢሮ እቀጠርና ሰው የጻፈውን ስገለብጥ እውላለሁ» አለችኝ። ይሄን ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው። እኔ ደግሞ ፊቷን ያዞረች ልጅ ማየት አልችልም።

የእድሩ ዳኛ ብልጥ ነው። «እስቲ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ግጠሚልን፣ እጅሽን እንይ። የክፍሏን ነገር እሑድ በጉባኤ እንወስናለን» አላት። ሥጋ ሻጩን እጅህን እንይ ያለው የለም። የሱን እጅ በየፋሲካው በልተው ያውቁታል።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ዳኛው በዓል ሲመጣ የቅርጫውን በሬ የሚመርጥልን ነው፤ «ሰንጋ ተራ የከብት ገበያ ሳለ ጀምሮ በሬ ያየሁ ነኝ» ይላል። ጸሐፊው ጡረተኛ ነው። መሥሪያ ቤቱ ካሰናበተው ስንት ዘመኑ፤ እሱ ግን መሥሪያ ቤቱን አላሰናበተውም፣ አሁንም ለቀብር በቦርሳ ነው የሚመጣው። ሦስተኛው ገንዘብ ያዡ ነው። ዝምተኛ ነው። ዝምተኛ ሰው ፍሩ።

ጸሐፊው ገና ከመጀመሩ «ሦስት ፕሮፎርማ!» አለ። «ከሦስት ነጋዴ ዋጋ ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት ካልቀረበ አንገዛም። ሕግ ነው።» ልጅቷ አንዱን ራሷ ጻፈች፤ ለሁለቱ ኦሎምፒያ ሱቅ ያላቸው ጓደኞቿ ጋ ሄደች። ጓደኞቿ አስወድደው ጻፉላት። እነሱ ሲፈልጉ ደግሞ እሷ አስወድዳ ትጽፍላቸዋለች፤ አገሩ በሙሉ እንዲህ ነው የሚወዳደረው። ጸሐፊው ሦስቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ በመነጽሩ ካገላበጠ በኋላ፣ «ይኸውላችሁ! ውድድር ማለት ይሄ ነው!» አለ።

የመምረጡ ቀን ሦስቱም መጥተው ተቀመጡ። ልጅቷ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው።

«ጋሼ፣ የናንተ ሥራ ስም መጻፍ፣ የወር መዋጮ መደመርና ማተም ነው» አለች። «ለዚህ ዝቅ ያለው ፕሮሰሰር ይበቃል። ፕሮሰሰር ማለት ማሰቢያው ነው። ብዙ ባያስብም ሥራውን ይሠራል።»

«እንደ ኮሚቴው» አልኩ። የሳቀ የለም።

«ከሱ የተረፈውን ሚሞሪው ላይ እንጨምረዋለን፣ እንዳይንቀራፈፍባችሁ። ሞኒተሩ ያገለገለ ይሁን፣ ደህና ነው። የቀረውን ለዩፒኤስ። ባትሪ ያለው ሳጥን ነው፤ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ይይዘዋል።»

ያን ጊዜ ሞኒተር ሁሉ ሆዱ ወደ ኋላ የተነፋ ነበር። ዳኛው ሲያየው «ይሄስ ሰብቷል» ብሎ ተቀበለ። ከዚያ ዓይኑ ኬዞቹ ላይ አረፈ፤ ኬዝ ማለት ዕቃው ሁሉ የሚገባበት ቆርቆሮ ነው። አንዱ ተራ ጥቁር ነው። ሌላው ትልቅ ሆኖ፣ ጎኑ መስታወት፣ ውስጡ ሰማያዊ መብራት የሚያበራ፣ ጌም የሚጫወቱ ጎረምሶች የሚወዱት ዓይነት ነው። ዳኛው ተነሳ። አንኳኳው። ዞረው። ጎኑን ዳበስ ዳበስ አደረገው። ጭራ ቢኖረው ያነሳው ነበር።

«ይሄ ነው» አለ። «ሥጋ አለው።»

«ጋሼ፣ ባዶ ነው እኮ! ዕቃው ገና አልገባበትም።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ከቁመናው አውቃለሁ። ያኛው ከስቷል።»

«መብራቱ ለምንድነው?» አለ ጸሐፊው።

«ለምንም። ለማማር ነው።»

«እንግዳ ሲመጣ ጥሩ ነው።»

«አዎ» አልኩ እኔ፣ «ሰው ሞቶብን ስንመጣ ሰማያዊ መብራት እያየን እንጽናናለን።»

«እትዬ፣ እርስዎ አይግቡበት» አለኝ ጸሐፊው። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ!

መብራታሙን ለመግዛት አንድ ነገር መቅረት ነበረበት። ዩፒኤሱ ይቅር አሉ። ልጅቷ መብራት ድንገት ሲሄድ የተጻፈው እንደሚጠፋ፣ ዕቃውም እንደሚበላሽ ብትነግራቸው ዳኛው ሳቀ።

«መብራት ሲሄድ እስኪመጣ እንጠብቃለን። እድር አይቸኩልም ልጄ። የሞተ ሰው የት ይሄዳል?»

ልጅቷ መጨቃጨቅ አታውቅም። «እሺ፣ እስቲ ጋሼ ይሞክሩት» ብላ ጸሐፊውን የራሷ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጠችው። ከረባቱን አስተካከለና ለጉባኤው ሪፖርት ጀመረ። አቤት አጻጻፉ! ጣቱን ያነሳል፣ ይፈልጋል፣ ይጎነብሳል፣ ይለቅማል። ጥሬ የምትለቅም ዶሮ ነው የመሰለኝ። ሁለቱ ከኋላው ቆመው «በርታ! አሁን ‹ለ› ነው! ወደ ግራ!» ይሉታል። ግማሽ ገጽ ሲሞላ ሦስቱም ልጅ እንደወለደ ሰው ፊታቸው በራ።

እኔ ቀስ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ቆጣሪው ያለው እዚያ ነው። ማጥፊያውን ቁልቁል፣ ቀጭ!

«መብራት ሄደ!» አሉ ባንድ አፍ።

የጎረቤት ሬዲዮ ዘፈኑን ሳያቋርጥ እየለቀቀው ነው። ሦስት ሽማግሌ እያለ ይህን ያስተዋለ የለም። ልጅቷ ግን ወደ ጓዳው መጋረጃ አየት አድርጋ ከንፈሯን ነከሰች።

ትንሽ ቆይቼ መልሼ አበራሁት። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ባዶ ነው።

«ጽሑፌስ?» አለ ጸሐፊው።

«ጠፋ፣ ጋሼ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ወንበሩን ያዘ። «ዩፒኤሱ ይግባ» አለ፣ ቀብር ላይ እንደሚናገር ሰው ዝግ ብሎ። ስለዚህ ተራው ኬዝ ሆነ። ዳኛው እስኪወጣ ድረስ «ከስቷል፣ ከስቷል ብያለሁ» እያለ ነበር።

አለቀ ስንል ገንዘብ ያዡ አፉን ከፈተ። «የእድር ንብረት እኔ ቤት ነው የሚያድረው» አለ።

ይሄስ ሥርዓት ነው። ሁለት ለቅሶ በአንድ ቀን ሲወድቅ ድስትና ወንበር ከሌላ እድር ጋር ይቀላቀላል። ለዚህ ሁሉም እድር የየራሱን ቀለም ይቀባል፤ የኛ ቀይ ነው። አዲስ ዕቃ ሲገዛ መጀመሪያ ሊቀባ እሱ ቤት ይሄዳል። ልጅቷ «ጋሼ፣ እርጥብ ነገር እንዳይነካው አደራ፤ ከነፕላስቲኩ ይተዉት» ብላ ለመነችው። ራሱን ነቀነቀ። ዕቃውን በዘንቢል ሞልቶ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም ዕቃውን ይዘው መጡ፤ ሊገጠም ነው። ልጅቷ ዘንቢሉን ስትከፍት እጇ እዚያው ቀረ። ሁሉም ቀልቷል። ኬዙ ጀርባው ላይ፣ ይሁን። ሃርድ ዲስኩ፣ የተጻፈው ሁሉ የሚቀመጥበት፣ እሱ ላይ አንድ ሰረዝ፣ እሱም ይሁን። ሚሞሪው ግን! ሚሞሪ ጣት የምታህል ቀጭን ነገር ናት፤ ባንድ ጠርዟ ወርቅ የመሰለ ጥርስ ተደርድሮባታል፤ በዚያ ጥርሷ ነው ነክሳ የምትሠራው። ሰውዬው ጥርሷን ከዳር እስከ ዳር ቀብቷታል።

«ጋሼ! ምነው?»

«ሌባ የሚለውጠው ዋጋ ያለውን ነው» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ወርቁ የት እንዳለ አየሁና እሱን ቀባሁ።»

«ድስት ሲቀቡ የት ነው የሚቀቡት?» አልኩት።

«እጀታው ላይ ነዋ።»

«ታዲያ የዚህችን አፏን ምን አስቀባዎት?»

ልጅቷ እንደምንም ገጣጥማ ስትከፍተው ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል እንጂ ሞኒተሩ ጨለማ ነው። ጸሐፊው ቦርሳውን ከፈተ፤ «የዕቃ ጉድለት ነው፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ» አለ። ዳኛው ደግሞ ወደ ልጅቷ ዞሮ፣ «እጅሽን እንይ ብለን ነበር» አላት። ነገ እሑድ ነው። ልጅቷ ፊቷ ወደ ግድግዳው መዞር ሲጀምር አየሁና «ኧረ ተይ!» ብዬ ጮህኩባት። ደነገጠች። ከዚያ ዓይኗ በራ።

«እማማ፣ ሩጪ፣ ፀጉር ቤት ሂጂና አሴቶን ለምኚልኝ፤ የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበትን። ጥጥም።»

ፀጉር ሠሪዋ ስትሰጠኝ በሳቅ ሞተች። «እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ ጥፍር? ለማን ብለው ነው?»

«ለእድሩ ዳኛ» አልኳት። እስከ ማታ ሰፈሩን አዳርሳዋለች፤ የዳኛው ሚስት ሁለት ሳምንት ሰላም አላለችኝም።

ልጅቷ መጀመሪያ ጥግ ላይ ሞከረችው፣ ለቀቀ። ከዚያ ጥርስ በጥርስ ትጠርግ ጀመር። ገንዘብ ያዡ ግን ዘሎ ተነሳ፤ «የእድር ምልክት ትፍቂያለሽ?» ብሎ ሊነጥቃት። ጥጡንና ጠርሙሱን እጁ ላይ ቁጭ አደረግኩለት፤ «እርስዎ ይያዙላት፣ ቀለሙ የት እንደሄደ ይመስክሩ።» ባርኔጣውን እንዳደረገ ጥጥ ሲያቀብላት ቆየ። ሲያልቅ ሽታው ራሱን አዙሮት ወጥቶ ደጃፍ ተቀመጠ።

መልሳ ሰካችው። አንድ ጊዜ ጢጥ አለ። ሞኒተሩ በራ።

«ተነፈሰ!» አለ ዳኛው።

እሑድ ጉባኤው ላይ ኮምፒውተሩ ዳንቴል በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ዳኛው ተነስቶ «ኮሚቴያችን ባደረገው ከፍተኛ ጥረት» ብሎ ጀመረ። ጥረቱን ሲዘረዝር ልጅቷ የለችበትም። ከዚያ ወደ ክፍሏ መጣ። «ያው፣ ሁለት አመልካች አለ። ግን እንግዲህ፣ ማለቴ፣ ሥጋ ለሁሉም ይጠቅማል…» ሥጋ ሻጩ ሹራቡን ለብሶ ከፊት ተቀምጧል፤ ለእድርተኛ ምርቃት እጨምራለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። አዳራሹ ምራቁን ዋጠ። ልጅቷ አጠገቤ ናት፤ መሬት መሬት ታያለች።

እጄን አወጣሁ። «ዳኛ፣ አንድ ጥያቄ። ይሄን ዕቃ ማነው የሚከፍተው?»

«ጸሐፊያችን።»

«እስቲ ይክፈቱትና ደስ ይበለን።»

ሰው አጨበጨበ። ጸሐፊው ወደ ፊት ወጣ። የሞኒተሩን ቁልፍ ተጫነ፤ ምንም። ዞሮ ጀርባውን አየ። ዩፒኤሱን ሲነካው ጮኸበትና ወደ ኋላ ዘለለ። ከኋላ አንዱ «ጋሼ፣ ያንኳኩት፣ ሰው ይኖራል!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ልጅቷ ታሳየኛለች» አለ ላቡን እየጠረገ።

«ልጅቷማ ሰንጋ ተራ ልትቀጠር ነው» አልኩ። «ሥጋ ሻጩ ይክፈትላችኋ። ክፍሏ የሱ ከሆነች ዕቃውም እዚያው ቢሰቀል ነው የሚሻለው።»

ሦስቱ ጭንቅላታቸውን ገጥመው ተንሾካሾኩ። በሬ ሲጠፋ እንኳ እንዲህ ተንሾካሹከው አያውቁም። ከዚያ ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገና ክፍሏ የልጅቷ እንድትሆን፣ የእድሩም ኮምፒውተር እዚያው እንዲቀመጥ፣ እሷም የእድሩን ጽሑፍ በነፃ እንድትሠራ ተወሰነ አለ። እንደዚያ ነው የተሰጣት። ኮምፒውተሩ የክፍሏን ሩብ ይዞ ይኖራል፤ ኪራይ የምትከፍለው እሷ ናት። ሥጋ ሻጩ በንዴት ለቅርጫ እንኳ አልመጣም። ልጅቷ ግን «እሺ» አለች፤ ቀጥ ብላ፣ ዳኛውን ዓይን ዓይኑን እያየች።

ሱቋን የከፈተች ቀን አብሬያት ነበርኩ። በሩን ስንከፍተው የታክሲው ጩኸት ሁሉ ገባብን። ጠረጴዛውን ገና ሳንጠርገው አንድ ሰው ከመንገድ ራሱን አስገብቶ «እዚህ ኮምፒውተር ይሠራል?» አላት። ድሮ በስልክ እንዲህ ሲሏት «ከኪዮስኩ ጋ ይታጠፉ፣ ቱቦውን ይሻገሩ፣ ውሻው አይናከስም» እያለች ነበር የምትለምነው። አሁን ወንበሩን ሳበችለት።

«ይሠራል» አለች። «ይግቡ።»