የኢንጂነሩ ኮንቴይነር

ባለፈው ሳምንት አምቦ መናኸሪያ በር ላይ አንድ ባነር ተሰቅሎ አየሁ። ኮት የለበሰ ሰው እጆቹን አጣምሮ ይስቃል፤ ከሥሩ «ዓለም አቀፍ የሶፍትዌር አማካሪ» ይላል። ኢንጂነር ምንተስኖት! ሳቄ አመለጠኝ።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁበት ዓመት፣ ሥራ አጥቼ ስንከራተት፣ ይህ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ እየመጣ ያሠለጥነን ነበር። ትምህርቱ አንድን ትልቅ ፕሮግራም በትንንሽ አገልግሎቶች ከፍሎ፣ እያንዳንዱን ከሚያስፈልገው ነገር ጋር በየራሱ ኮንቴይነር አሽጎ ማስነሳት ነው፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲቆም፣ ተጠቃሚ ሲበዛም የተጨናነቀውን ብቻ ማባዛት እንዲቻል። ነገሩ ግሩም ነበር። ሰውዬው ግን ስላይድ ከማንበብ በቀር ኪቦርድ ሲነካ አይተነው አናውቅም። ስንጠይቀው «እሱ አድቫንስድ ነው» ይላል። ከጎጆ ከተማ የሚመጣ ድንች ቀቅለን በሚጥሚጣ እየበላን፣ እየተሳሳትን አብረን የተማርነው እኔና የክፍል ጓደኛዬ ጫልቱ ነን። ከእኔ ቀድሞ ለእሷ ገባት።

ክረምት ላይ በጊንጪ ያለ የገበሬዎች ማኅበር የዘርና የማዳበሪያ ትእዛዝ የሚቀበል ሲስተም ፈለገ። ሥራውን የተረከበው ኢንጂነሩ፣ የሠራነው እኛ። ከወደዱት ሁለታችንንም ሊቀጥሩን ነበር። በማሳያው ቀን ጭቃ ለብሰን ደረስን። ኢንጂነሩ «በቀጥታ ከክላውድ ነው የማሳያችሁ» ብሎ፣ በኢንተርኔት ከሩቅ ሰርቨር ሊያሳያቸው፣ ላፕቶፑን ከፈተ። ዝናቡ ሲወርድ ኔትወርኩ ጠፋ። ገበሬዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ጫልቱ የራሷን ላፕቶፕ አወጣች። ኮንቴይነሮቹ በሙሉ እዚያው ውስጥ ነበሩ፤ ትእዛዙ ተመዘገበ። ኢንጂነሩ ብድግ አለና «እንግዲህ እኔ ያሠለጠንኳቸው ልጆች…» ብሎ ጀመረ።

«ጥሩ» አለች ጫልቱ። «እንግዲያው ትእዛዝ የሚቀበለውን አገልግሎት ያጥፉና መልሰው ያስነሱልን።»

ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ ተንጠለጠሉ። «ኔትወርክ የለም እኮ» አለ።

«ይሄ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ኢንጂነር።»

የማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ቶለሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኢንተላ ኮ» አሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «አንቺው አሳዪን።»

አጠፋችው፤ ሌሎቹ አገልግሎቶች መሥራታቸውን ቀጠሉ። መልሳ አስነሳችው። ሥራውን አገኘን። ኢንጂነሩ የቀረበለትን የበግ ጥብስ አጣጥሞ በላ፤ በቀጣዩ ቅዳሜ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሰርተፊኬት አደለን።

ባነሩ ሥር ቆሜ፣ ምናልባት ከዚያ ወዲህ ተምሮ ይሆናል ብዬ ለራሴ ተከራከርኩለት። አላመንኩትም። «አላውቅም» የሚለው ቃል ያኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ካልወጣው፣ ዛሬ ፎቶው እንዲህ ገዝፎ ከተሰቀለ በኋላ ከየት ይወጣዋል?