በፖስታ የሰጠሁት ጎመን ዘር

አርጅቻለሁና አንዳንዱን አዛንፌ ልናገር እችላለሁ፤ ዋናውን ግን አልረሳሁትም። የወረዳችን የጎሮ ፀሐይ የሁላችንንም ጎመን ዘር አበባ ያራገፈበት ዓመት ነበር። በእኔ ማሳ አገዳቸው ቀላ ያለ ጥቂት እግሮች ብቻ ሙቀቱን ችለው ፍሬ ያዙ። አጭጄ ከወቃሁ በኋላ ጫልቱ የምትባል ተመራማሪ ይህን ሰምታ ከሮቤ መጣች።

«አባባ፣ ሙቀት መቻሉ ከዘሩ ከሆነ ከሌላው ጋር እናዳቅለዋለን። ለእርስዎም አባዝተን እንመልስልዎታለን» ብላ ባዶ ፖስታ ሰጠችኝ።

የነበረኝ ግማሽ እፍኝ የማይሞላ፣ የኮሰመነ ፍሬ ነው። ከሮቤ ድረስ ለመጣች እንግዳ ይህን ብቻ መስጠት አሳፈረኝ። ጓዳ ገብቼ ከገበያ የገዛሁትን ወፍራም ወፍራም ፍሬ ቀላቀልኩበትና ፖስታውን ሞላሁት። ለራሴ ምንም አላስቀረሁም።

«ሁሉም ከእነዚያ እግሮች ነው?»

«አዎ ልጄ።»

ወሬዋን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ገበያ ቆሜ ሳለ ስትደውልልኝ ነው።

«አካም ጅርቱ አባባ? ሙሉውን ዘራነው፤ በሙቀቱ አበባው በሙሉ ረገፈ።»

«አንድም አልተረፈ?»

«አንድም። አገዳቸው ቀላ ያለ ጥቂት እግሮች ነበሩ፤ እነሱንም የሌላ ዘር ቅልቅል መስለውን ሳያብቡ ነቅለን ጣልናቸው።»