የባለ ጥላው ለቅሶ

በሮብ ገበያ ዙሪያ ለቅሶ ያለ ወለተ ሥላሴ አይደምቅም። ሙሾ አውራጅ ናት። የሟቹን ስም፣ የተወለደበትን ጎጥ፣ ከማን ጋር ተጣልቶ ከማን ጋር እንደ ታረቀ ሁሉ ጠይቃ ሳትረዳ አፏን አትከፍትም። «ሰውን ሳያውቁት ማልቀስ ጩኸት ነው» ትላለች። ከልጆቿ ሁሉ ሙያዋን ትወርሳለች ተብላ የታሰበችው የመጨረሻዋ፣ ታየች የምትባለው፣ ግን ሰው ፊት ድምፅ የላትም። አጎቷ የተቀበረ ዕለት እናቷ ወደ መሀል ገፋ ስታደርጋት ግጥሙ ጭንቅላቷ ውስጥ ሞልቶ ነበር። የለቀስተኛው ዓይን ሁሉ ሲያርፍባት ምላሷ ደረቀ፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ቀረች። ሰው ኀዘን አፏን የያዛት መሰለው። እናቷ ግን አወቀች።

«ግጥሙ አለሽ» አለቻት ወደ ቤት ሲመለሱ። «አፍ ነው ያጣሽ።»

ታየች አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ውጤቱ አልመጣላትም። እርሻ ላይ ከምትቀር ብላ ይታያል የሚባል ሰው ቪዲዮ ቤት ተቀጠረች። ጊዜው ዘጠና ዘጠኝ ነው። የጭቃው ቤት ጠባብ አዳራሽ፣ ረድፍ ረድፍ አግዳሚ ወንበር፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥን፣ ጥግ ላይ የሚያንባርቅ ሞንታርቦ፣ ከጓሮ የሚያጓራ ጄኔሬተር አለ። የእሷ ሥራ ወለሉን ውሃ መርጨት፣ መጥረግና በር መጠበቅ ነው። ፊልሙን የሚተርከው ዓለምነው የሚባል ወጣት ነበር። ከተመልካቹ ኋላ፣ ፊልሙን ከሚያጫውተው ዴክ አጠገብ፣ ከፍ ያለ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ማይኩን ይጨብጣል፤ የሚናገሩት የየትም አገር ቋንቋ ይሁን፣ እሱ በጎጃም አማርኛ ያወርደዋል። የእሱ ፊልም ሁልጊዜ ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለው፤ አክተሩና ወንበዴው። አክተር አይሞትም፤ የወንበዴ ሬሳ አይቆጠርም።

አንድ ሮብ፣ ገበያው ሞልቶ አዲስ የስለላ ፊልም መምጣቱ ከጠዋት ጀምሮ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ ውሎ፣ ዓለምነው ጠፋ። ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ መሄዱ የተሰማው ቤቱ ጢም ካለ በኋላ ነው። ይታያል ላቡን እየጠረገ ማይኩን ራሱ ያዘ።

«ይኼ ሰውዬ… ሞተር ይነዳል» አለ። ሞተሩ ከጣራ ጣራ ሲዘል፣ «አሁን ደግሞ ዘለለ» አለ።

«ጋሼ ይታያል፣ ለእሱማ ዓይን ፈጥሮልናል» አለ ከፊት ረድፍ ሙላት። ድንቹን ሸጦ ጋቢውን ተከናንቦ የመጣ፣ ምላሰኛ ገበሬ ነው። «ማን እንደ ሆነ ይንገሩና። ስለ ምን ይሮጣል?»

«ሰላይ ነው።»

«ሰላይ? ጆሮ ጠቢ ለማየት ነው በዚህ ጭቃ የመጣሁት? እሱንማ በደርግ ጊዜ በነጻ ጠግበናል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ይታያል ማይኩን፣ በሩን ዘግታ አጠገቡ የተቀመጠችው ታየች ጭን ላይ ጣለው። «ተምረሻል አይደል፤ በይ አንድ ነገር በይ።»

ታየች ቀና ስትል ያየችው ጀርባ ብቻ ነው። ጋቢ የለበሰ ጀርባ፣ ካፖርት የደረበ ጀርባ፤ አንድም ዓይን ወደ እሷ የዞረ የለም። ጀርባ አያስፈራም። የሚናገሩት ቋንቋ ምን እንደ ሆነ ባታውቅም እናቷ ለቅሶ ቤት ስትገባ የምትጠይቀውን ታውቃለች። የማን ልጅ ነው? ምን ይወድ ነበር? ማን ይጠብቀዋል?

«ይኼ ግራጫ ካፖርት የለበሰው የኔአለም ይባላል» አለች። ድምፅዋ በሞንታርቦው ውስጥ አልፎ ሲመለስ የሌላ ሰው መሰላት። «ጎረቤት የሚያሳብቅ ጆሮ ጠቢ አይደለም። ከአገሩ የተሰረቀ ሰነድ እንዲመልስ የተላከ ነው። የሚያምነው ሰው የለውም፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ይራመዳል።»

«አሁን ገባኝ» አለ ሙላት።

ከዚያ በኋላ ሳጥኑም ቤቱም የእሷ ሆነ። የኔአለም በትልቅ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ በድስት ክዳን ጥይት ሲመክት ሰዉ እየተነሣ ያጨበጭባል፤ ቀይ ቀሚስ የለበሰችው ሴት ሽጉጥ ከዳቦ ውስጥ ስታወጣ ያፏጫል። ታየች ግን ዓይኗ ሌላ ሰው ላይ አረፈ። የወንበዴው አለቃ አንድ ረጅም አሽከር ነበረው። አይናገርም። ጥቁር ጃንጥላውን ቤት ውስጥ እንኳ ከብብቱ አይለይም፤ አለቃው በጣቱ ያመለከተውን ይሠራል። አንድ ጊዜ ብቻውን መስኮት አጠገብ ቆሞ ብርቱካን ላጠ። ልጣጩን መሬት አልጣለም፤ ሰብስቦ ኪሱ ከተተው።

«ይኼ ድረስ ነው» አለች ታየች። «ልጣጭ አትጣል ብላ ያሳደገችው እናት አለችው።»

መጨረሻ ላይ ባቡር በበረዶ መሀል እየበረረ፣ ድረስና የኔአለም ጣራው ላይ ተያያዙ። ነፋሱ ካፖርታቸውን ያርገበግባል። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ የኔአለም በትከሻው ገፋው። ድረስ ወደቀ፤ ጥላው በአየር ላይ ተከፈተና እሱን ትቶ ለብቻው ቀስ እያለ ወረደ። እሱ ወንዙ ውስጥ ሰጠመ።

ታየች አላሰበችበትም። አፏ ራሱ ተከፈተ፤ ዜማውም የእናቷ ዜማ ነበር።

ጠብታ እንዳይነካው ጥላ ይዞ ኖሮ፣
ወንዙን ለብሶ ተኛ ድረሴ ዘንድሮ።
የሰው ጠብ ገደለው ነገሩን ሳያውቀው፣
እናቱ እራት ይዛ ደጅ ስትጠብቀው።

አንድን ሰው ሳግ ያዘው። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሙላት በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። ወዲያው የኔአለም ባለ ቀይ ቀሚሷን አቅፎ ሲስም፣ «ገና ደሙ ሳይደርቅ? ይኼ ሰው አያፍርም?» የሚል ጉርምርምታ ተነሣ። ፊልሙ ሲያልቅ ለአክተሩ ያጨበጨበ የለም። በሩ ላይ እርስ በርስ «እግዜር ያጥናህ» እየተባባሉ ወጡ።

«አክተሩን ገደልሽብኝ» አላት ይታያል፣ አግዳሚዎቹ ባዶ ሲቀሩ።

«አልሞተም እኮ ጋሼ።»

«ለሕዝቡ ሞቷል። ተረኩን ቀጥዪ፤ አልከለከልሁም። ሁለተኛ ሙሾ ካወረድሽ ግን ወደ መጥረጊያሽ።»

ወሬው እናቷ ዘንድ ቀድሟት ደረሰ። ወለተ ሥላሴ ጥጥ እየፈተለች ነበር፤ እንዝርቷን አላቆመችም።

«ሬሳው የታለ?»

«ፊልም እኮ ነው እማ።»

«በፊልሙ ሞተ። በቤቱስ?»

«በቤቱማ… ይኖራል መሰለኝ።»

«እንግዲያ ቆሞ ለሚሄድ ሰው አልቅሰሻል። ይኼ ሟርት ነው። በሰው ልጅ ላይ ሞት መጥራት ነው።» እንዝርቷ ቆመ። «የሚመጣው ሮብ ራሴ መጥቼ እሰማሻለሁ። እንደዚህ ያለውን ከሰማሁ ከዚያ ቤት ትወጫለሽ።»

ታየች ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድልሽ አላት። በሕይወቷ ድምፅ ያገኘችው አንድ ቦታ፣ ያ ሳጥን ላይ ነው። እሱን ከተቀማች ሌላ ቦታ እንደማታገኝ ታውቃለች።

በሚቀጥለው ሮብ ቤቱ ከፊተኛው ይልቅ ሞላ። ቪዲዮ ቤት ገብተው የማያውቁ ጎመንና ሽንኩርት ሻጭ ሴቶች እንኳ በሩ ላይ ትንሽ አመንትተው ገቡ። ወለተ ሥላሴ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ልክ ከሳጥኑ ሥር ተቀመጠች። ከጀርባዎቹ ሁሉ የእሷ ጀርባ ለታየች ከበዳት።

ፊልሙ ሌላ ነው፤ ሰላዩም ሌላ። በበረዶ የራሰ ሰላይ ተራራ ላይ ወዳለች ማደሪያ ገባ። የማደሪያው ባለቤት ሾርባ ሊቀዳለት ከጓዳ ወጣ። ረጅም ነው። ጥላ አልያዘም። ታየች ማይኩን እንደ ያዘች ደነዘዘች።

«ድረስ ነው» አለ አንድ ሰው።

«የቱ ድረስ?»

«የኛው። ባለ ጥላው። ይኸው ሾርባ ይቀዳል።»

«ታዲያ እንባዬን ማን ይመልስልኛል?» አለች አንዷ ሽንኩርት ሻጭ። የሳቀ ሳቀ፤ የተቆጣም ነበር። «ባልሞተ ሰው አስለቀሰችን» ያለውን ታየች ለይታ ሰማች። ቀስ በቀስ ሰዉ ሁሉ ወደ ወለተ ሥላሴ ዞረ፤ በለቅሶ ነገር ዳኛዋ እሷ ናትና። ወለተ ሥላሴ ተነሥታ ቆመች።

ሙላት ከፊት ረድፍ ቆመ። «እትዬ ወለተ ሥላሴ፣ እርስዎስ እኔን አላለቀሱልኝም?»

«አንተ ልጅ፣ እሱን አታንሣው።»

«አነሣዋለሁ እንጂ።» ወደ ሰዉ ዞረ። «ዘምቼ ሳለሁ ከግንባር መርዶዬ መጣ። እኒህ ሴትዮ ለእኔ ያላሉት የለም። በተዝካሬ ዕለት በእግሬ ዳገቱን ወጥቼ ከች አልሁ። የገዛ ተዝካሬን ጠላ ጠጥቻለሁ፤ ትንሽ ቀጥኖ ነበር።»

ሳቅ ሆነ። ወለተ ሥላሴ አልሳቀችም። «ዓመት ሙሉ ሙሾ አላወረድሁም» አለች። «ሞት የጠራሁብህ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ ግን ያን ግጥም ጎረቤት ሁሉ በቃሉ ይዞ ጠበቀኝ። ደግ እንደ ሆንሁ፣ በሬ እንደማልመታ፣ ለእናቴ እንጨት ስሸከም እንዳደግሁ። ማንም በቁሜ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ሌላው ሞቶ ነው የሚመሰገን፤ እኔ ቆሜ ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ በሬ ልመታ ዱላ ባነሣ እንኳ አፍራለሁ።» ጋቢውን አስተካከለ። «ይኼም ሰውዬ ቢሰማው ደስ ይለው ነበር።»

ወለተ ሥላሴ ወደ ሳጥኑ ዞረች። ታየች አሁን የምታየው ጀርባ ሳይሆን የሰው ፊት ነበር፤ ከሁሉ የቀረበው ደግሞ የእናቷ።

«ይኼ ሾርባ የሚቀዳው» አለች እናቷ፣ «ማን ይሉታል አሁን?»

ታየች ማይኩን በሁለት እጇ ጨበጠች። ዓይኗን ከእናቷ ፊት አላነሣችም።

«ዘማርያም ይሉታል እማ» አለች፤ ድምፅዋ መጀመሪያ ተሰበረ፣ ከዚያ ጠነከረ። «እንግዳ የሚወድ ነው። በረዶ ሲጥል መብራቱን አያጠፋም፤ መንገደኛ ይጠፋብኛል ብሎ።»

ወለተ ሥላሴ ራሷን ነቅንቃ ተቀመጠች። ፊቷን ግን ወደ ሳጥኑ አዙራ ነበር የተቀመጠችው፤ ቴሌቪዥኑን ትታ ልጇን ስታይ ዋለች።

ታየች ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሮብ ሮብ ተረከች። መብራት ገብቶ፣ ፊልም ሁሉ በየሰው ስልክ ሆኖ ቪዲዮ ቤቱ ጤፍ መጋዘን እስኪሆን ድረስ። ዛሬ ለቅሶ ላይም መሀል ትገባለች። ከለቅሶ ይልቅ ግን በቁም ላለ ሰው ግጥም እንድትሰጥ የሚመጡባት ይበዛሉ። የመጀመሪያው ሙላት ነበር፤ በዚያው ዓመት ፋሲካ ማግሥት፣ ባርኔጣውን እያሻሸ ደጃቸው ቆመ።

«ለሚስቴ አንድ ግጥም ስጪኝ። ሳለች ትስማው።»

«ምን ዓይነት ሰው ናት?»

ያ ምላሰኛ ሙላት መሬቱን በጫማው ጫረ። ወደ ጮቄ ተራራ አየ። ታየች አልቸኮለችም።

«ዳገት ስንወጣ» አለ በመጨረሻ፣ «እሷ ከኔ ትፈጥናለች። ግን መታጠፊያው ላይ ቆማ፣ የደከማት መስላ ትጠብቀኛለች።»