ምች ያልመታት ሱምያ

ሱምያ ጣና ዳር አሳ ትጠብሳለች። ማለዳ ከሹም አቦ ሰፈር በባጃጅ መጥታ ከአጥማጆቹ ቆረሶ የሚሉትን አሳ ትገዛለች፤ ቀትር ላይ ዘይቷ መንቸስቸስ ሲጀምር እኛ ደንበኞቿ ዛፉ ሥር ተኮልኩለን ምራቃችንን እንውጣለን። እጇ ይባረክ፣ እንደሷ አሳ የሚጠብስ ሰው እኔ አላየሁም። አለ የሚል ካለ ያምጣ።

ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ግን አገጯና መንጋጭላዋ ላይ ቡግር ይወጣባት ጀመር፤ ቀይ፣ የሚያም፣ ሲጠፋም ጥቁር ምልክት ትቶ የሚሄድ። የጎረምሳ ነገር በዚህ ዕድሜ! ምርመራውን የጨረሱት አክስቷ እትዬ አስያ ናቸው። ያሳደጓት እሳቸው ስለሆኑ ቃላቸው አይታጠፍም።

«ምች ነው» አሉ። «የፈላ ዘይት እያሸተትሽ ፀሐይ ላይ ትውያለሽ፤ አንቺን ያልመታ ማንን ይመታል? ይህን መጥበሻ ተይው!»

ዳማ ከሴ እያሹ ፊቷን ቀቧት። አልለቀቀም። በመጨረሻ ሱምያ ክረምቱን ሙሉ ዘጋች፤ ቤት ተቀምጣም ስታለቅስ ከረመች። ያን ሥራ ትወደዋለች፤ እኛም ዛፉ ሥር ደረቅ ዳቦ ስናላምጥ ከረምን።

ታዲያ ዘይት ሳትነካ፣ ፀሐይ ሳያያት፣ ቡግሩ እንደ ልማዱ መጣ። ያውም ሁልጊዜ የወር አበባዋ ሊደርስ ሲል። ይህን ያስተዋለች ዕለት ሻርፗን አጣፍታ በንዴት ወደ ቆዳ ሐኪም ሄደች።

ሱምያ ገና ከመቀመጧ ሐኪሟ ስለ ወር አበባዋ ጠየቀቻት። እሷ አፈረች።

«ዶክተር፣ እኔ ፊቴን ላሳይ ነው የመጣሁ።»

«የፊትሽም ነገር የሚመጣው ከዚያው ነው። ሆርሞንሽ ከፍ ዝቅ ሲል ቆዳሽ ቅባት ያበዛል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ያብጣል። በአንቺ ዕድሜ ብዙ ሴት ያማታል። የሚዋጥም የሚቀባም አለ፤ ግን ወራት ይፈልጋል፣ ታገሺ።»

«መጥበሻውስ?»

«ከሥራ በኋላ ፊትሽን ታጠቢ እንጂ መጥበሻሽ ምን አጠፋ?»

ከዚያ ወዲያ ሌላ የሰማችው ያለ አይመስለኝም። በማግስቱ ከነቡግሯ ከፈተች! ፊቷ የጠራው ኋላ ጥር ላይ ነው፤ ያን ማን ጠበቀ? ደስታዬን መቻል አቅቶኝ እልል አልሁ።

እትዬ አስያ ወሬው ደርሷቸው በዚያው ቀትር አንድ እፍኝ ዳማ ከሴ ይዘው ገሠገሡ።

«ዛሬም ልጄ? ዛሬም?»

«አክስቴ፣ ክረምቱን ሙሉ ዘጋሁት፤ ቡግሩ መች ተወኝ? ከውስጤ ነው የሚመጣ። መድኃኒት ጀምሬያለሁ፣ ወላሂ ሥራዬን ግን አልተውም። ይልቅ ቁጭ ይበሉ።» ትልቁን ቆረሶ ከዘይቱ አውጥታ አቀረበችላቸው።

እሳቸው ዘይቱን አዩ፣ ፀሐዩን አዩ፣ የልጃቸውን ፊት አዩ። ጥላው ሥር ቦታ አልነበረም። እትዬ አስያ ፀሐዩ ላይ ተቀመጡና አሳውን እስከ አጥንቱ ጋጡት። ሲጨርሱ የእጃቸውን ሽታ በዳማ ከሴው አሽተው አጠፉ።

«ሌላ ጨምሪልኝ» አሉ።