በሳህን ፊት የተጾመ ጾም

አዳውቶ የፖርቶ አሌግሬ ከተማ ጎሚስታ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሰው ጎማ ይለጥፋል፤ እሑድ ግን ንጉሥ ነው። ግቢው ውስጥ ከጡብ የተሠራች የሥጋ መጥበሻ አለችው። ቢላዋውን ይዞ በእሷ ፊት ሲቆም ጳጳስ እንኳ ቢመጣ ከሰሉን አይነካም። በዚያ አገር የሰው ሚስት የተመኘ ይመከራል፤ የሰው እሳት የቆሰቆሰ ግን ሁለተኛ አይጋበዝም።

ስለዚህ አንዲት ልጁ ታይናራ ላገባ ነው ስትለው ስለ ሙሽራው ጠባይ አልጠየቀም። "የሠርጉን ሥጋ የምጠብሰው እኔ ነኝ" አለ፤ በቃ።

አልበቃም። የሙሽራው እናት ዶና ኢዮላንዳ፣ የዓይን ሐኪሙ የዶክተር ሊዮፖልዶ ሚስት፣ ድግሱ ከተማው በሚያወራለት ውድ ምግብ ቤት እንዲሆን ቆርጣለች። መጀመሪያ አብረን እንቅመሰው ብላ ለእሑድ ምሳ ጠራቻቸው።

"አባዬ" አለችው ታይናራ ክራቫቱን እያሰረችለት፣ "ካላዋረድከኝ ለእሳትህ እኔ እከራከርልሃለሁ። ካዋረድከኝ ግን በሠርጌ ቀን ቢላዋ አትይዛትም።"

"እኔ? መቼ ነው ያዋረድኩሽ?"

"ባለፈው ገና ዶክተሩን 'ከመኪናህ ጎማ ይልቅ አንተ ነፋስ ይዘሃል' ያላቸው ማነው?"

"እሱማ እውነት ነው።"

አዳውቶ እንዲህ ዓይነት ቤት ገብቶ አያውቅም። የሚያውቀው ሥጋ እንደ ሰይፍ በረዘመ ብረት ተሰክቶ በየጠረጴዛው የሚዞርበትን፣ አንዴ ተከፍሎ እስኪጠገብ የሚበላበትን ቤት ነው። እዚያ ሕጉ አንድ ነው፦ መጀመሪያ የመጣውን አትንካ። ዳቦው፣ ቋሊማው፣ የዶሮው ልብ ሆድ እንዲሞሉ የተጠመዱ ወጥመዶች ናቸው፤ ባለቤቱ የሚያተርፈው ከሞኝ ነው። ብልህ ሰው ፒካንያው፣ ያ ከነስቡ የሚጠበሰው የዳሌ ሥጋ እስኪመጣ ድረስ ሆዱን ባዶ ያቆያል። አዳውቶም በብልህነቱ ከቅዳሜ ጀምሮ እህል አልቀመሰም።

አስተናጋጁ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የዱባ ትዝታ" አለና የመጀመሪያውን አስቀመጠ። የእግር ኳስ ሜዳ በሚያህል ሳህን ላይ አንዲት የዱባ ቁራጭ እንደ በረኛ ብቻዋን ቆማለች። አዳውቶ በልቡ "ወጥመድ!" አለ፤ በሹካው ጫፍ ነካ አድርጎ ገፋት። ቀጥሎ የካሳቫ አረፋ መጣ፤ አጣቢዋ ሳህኑን ሳታለቀልቀው የቀረች ይመስላል። ገፋው። ከዚያ አናናስ ላይ የተቀመጠ ጉንዳን። እኛ ቤት ይህ ሲገኝ ሳህኑ ይደፋል፤ እዚያ ግን አስተናጋጁ የጉንዳኑን የትውልድ ጫካ ሳይቀር ተረከ። ገፋው። ሀብታም ሲርበው ሳህኑን ያሰፋል፣ ድሃ ሲርበው ቀበቶውን ያጠብቃል፤ በዚያ ጠረጴዛ ሁለቱ ተገናኙ።

ዶና ኢዮላንዳ ምግብ የሚመልስ ጎሚስታ አይታ አታውቅም።

"አየኸው ሊዮፖልዶ?" አለች በሹክሹክታ። "እኛ ጠርገን በላን፤ እሱ ግን አልረካም። እንዴት ያለ ምላስ ነው!"

እንዲህ ናቸው። ድሃ ሲበላ ሆዳም ይሉታል፤ ሲተው ሊቅ ያደርጉታል።

በመጨረሻ ዋናው አብሳይ ራሱ ላብ አጥምቆት ከማድ ቤት ወጣ። "ጌታዬ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። ቀጥል ወንድሜ፤ እኔ እጠብቃለሁ" አለ አዳውቶ። ሰውዬው በጥፊ የተመታ መሰለ። ታይናራ በአባቷ ጨዋነት ኮርታ ልትፈነዳ ደረሰች።

ከዚያ ድንጋይ ላይ የተኛች አንዲት የናና ቅጠል መጣችና አስተናጋጁ "በዚህ ጨርሰናል" አለ።

የአዳውቶ ሆድ እንደ አሮጌ ኮምፕረሰር አጓራ። "ምኑን ነው የጨረስነው?"

"ገባኝ ሴኞር አዳውቶ" አለች ዶና ኢዮላንዳ። "ይህ ቤት ለእርስዎ ምላስ አይመጥንም። ሌላ አውቃለሁ፤ እዚያ የሚቀርበው የሳህን ብዛት የዚህ እጥፍ ነው። ሠርጉ እዚያ ይሁን።"

ተያዘ። ዝም ካለ ልጁ ትከበራለች፣ እሳቱ ይጠፋል። ከተናገረ ደግሞ ሊቅነቱ ባንድ አፍታ ይተነፍሳል፤ ምናልባት ቢላዋውም አብሮ ይሄዳል። ታይናራን አየት አደረገ። ክራቫቱን ፈታ።

"ዶና፣ እኔ ያለኝ ምላስ ሳይሆን ረሀብ ነው። ፒካንያው ይመጣል ብዬ ነው የጠበቅሁት።"

"የቱ ፒካንያ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! ትንንሾቹ ማታለያ መስለውኝ ነው የመለስኳቸው።"

ታይናራ ፊቷን በአፍ መጥረጊያው ሸፈነች። ዶክተሩ ግን ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቁ ከየት እንደመጣ እሱም አላወቀ።

"ኢዮላንዳ፣ እኔ ሁሉንም በልቼ አሁንም ርቦኛል። ሴኞር አዳውቶ፣ ከሰል አለዎት?"

"ከሰል የሌለው ሰው እሑድን ምን ያደርጋታል!"

"አዋረድከኝ አባዬ" የሚል ድምፅ ከጨርቁ ሥር መጣ።

"አውቃለሁ ልጄ።"

"ጨው አልቋል። በመንገድ እንግዛ" አለች ታይናራ ፊቷን ገልጣ።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ዶና ኢዮላንዳ ጎማ በተከመረበት ግቢ ቆማ፣ ስቡ እስከ ክርኗ እየወረደ ሦስተኛ ቁራጭ ታኝክ ነበር።

"ለሠርጉ ግን ቀጠን አድርገው ይቆርጡታል፣ አይደል?"

"አላደርገውም ዶና።"

አኝካ እስክትውጥ አሰበችበት። ከዚያ ሳህኗን ዘረጋች።