የእናቴ የእጅ ጀርባ

ሸሕዲ ከተማ ውስጥ በብረት ሠራተኞቹ ደጃፍ ሳልፍ ብረት በብረት ሲመታ ከሰማሁ፣ እጄ ሳላዝዘው ተነሥቶ ግንባሬ ላይ የወረደውን ፀጉር ወደ ኋላ ይገፋል። ያየኝ ሰው ላቤን የጠረግሁ ይመስለዋል። እኔ ግን ኮኪት አጠገብ፣ ከሰሊጥ እርሻው ዳር፣ ግራር ላይ የተንጠለጠለውን አሮጌ የትራክተር ማረሻ ዲስክ እናቴ በብረት ስትደልቀው እየሰማሁ ነው፤ ዲስኩ ሲጮህ ግንባራችንን ገልጠን እንሰለፍ ነበር።

ክረምት ገብቶ ጥቁሩ አፈር ጫማ እየነጠቀ ሲያስቸግር፣ ከጎጃምና ከወሎ ለአረም የሚመጡ ሰዎች በአይሱዙ ተጭነው እኛ ዘንድ ይራገፉ ነበር። ከመካከላቸው ልጅ ያዘሉ ሴቶች አይጠፉም፤ ልጆቹን እባብና ጊንጥ በሚርመሰመስበት ዛፍ ሥር አስቀምጠው ሲያርሙ ይውላሉ። እናቴ ጥሩወርቅ ይህን ማየት አላስችል ብሏት፣ ከሠራተኞቹ ማደሪያ ካምፕ አጠገብ ራኩባ የምንለውን በማሽላ አገዳ የተከደነ ዳስ አስቀልሳ፣ ልጆቹን ሰብስባ ትውል ጀመር። ራሷ ከአራተኛ ክፍል አላለፈችም፤ ቢሆንም ፊደሉን በእንጨት እርጥቡ አፈር ላይ እየጻፈች፣ ቁጥሩን በማሽላ ፍሬ እያስቆጠረች፣ አልቃሻውን በአንድ ጭኗ፣ ተደባዳቢውን በሌላው ይዛ ታስተምር ነበር። ልጆቹ «እቴ ጥሩ» ይሏታል፤ እኔም በዚያ ሰዓት እናቴ መሆኗ ቀርቶ እቴ ጥሩ ነበረች።

ማንም ልጅ ሳይነካ አይገባም ነበር። በራኩባው መግቢያ ቆማ የእጇን ጀርባ ግንባራችን ላይ፣ ቀጥላም አንገታችን ሥር ታሳርፍና «መጀመሪያ ግንባር፤ ፊደል የትም አይሄድብኝም» ትል ነበር። ወባ በዚያ አገር ቀልድ አያውቅም። የተኮሰውን ልጅ ሰሌን ላይ አስተኝታ ስኳር በውሃ በጥብጣ ታጠጣውና፣ ውሃ በሚያመላልሰው ትራክተር ወደ ጤና ጣቢያ ትልከዋለች። አንድ ቀን እኔ ስኳሩ አምሮኝ ግንባሬን ከምድጃው አስጠግቼ አሞቅሁና ተሰለፍሁ። «ውይ የኔ ሌባ! ትኩሳትሽ ጭስ ጭስ ይላል እኮ!» ብላ አፍንጫዬን ቆንጥጣ የልጅ መሳቂያ አደረገችኝ።

ጥቅምት ላይ ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ተደጋግፎ እንዲደርቅ ሂላ በምንለው ክምር በየቦታው ሲቆም፣ ለሕፃናት መምህርነት የሚሠለጥኑ አምስት ወጣቶች ለተግባር ልምምድ ወደ እናቴ ተላኩ። በአካባቢው ሕፃናት የሚውሉበት ሌላ ቦታ አልነበረማ! ሦስት ሳምንት እኛው ቤት እየበሉ፣ የምታደርገውን ሁሉ በደብተር እየጻፉ ቆዩ። ከሁሉ የማስታውሳት ስንታየሁ የምትባለውን ነው። መጀመሪያ ቀን ግንባር በመዳፏ ስትነካ እናቴ እጇን ይዛ ገለበጠችውና «መዳፍ ቆዳው ወፍራም ነው፣ ይዋሻል የኔ ልጅ፤ በጀርባው ንኪ» አለቻት። ስንታየሁ ይህንንም ጻፈች።

ልምምዱ ሲያልቅ «ልምምዱን የመራው መምህር ስም፣ የትምህርት ደረጃ፣ ፊርማ» የሚል ቅጽ አመጡላት። እናቴ ከዚያ በፊት ፈርማ አታውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ፊርማዋን አፈር ላይ በእንጨት እየሞከረች፣ በእግሯ እያጠፋች ዋለችና፣ እጇን በሳሙና ታጥባ አምስቱም ላይ ፈረመች። በማግሥቱ በሞተር የመጣው ተቆጣጣሪ ቅጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ በዕድሜ እናቱ የምትሆነውን ሴት «አንቺ፣ ደረጃሽ ምንድን ነው?» አላት።

«ልጆች አስተምራለሁ ጌታዬ።»

«የምስክር ወረቀት ማለቴ ነው።»

«እሱስ የለኝም። እኔንም አሠልጥኑኛ!»

«አሥረኛ ክፍል ያልጨረሰ አይመዘገብም» አለና፣ አምስቱንም ፊርማ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው።

ራኩባችንን አንድ ቀን እንኳ ረግጦ የማያውቅ ዲፕሎማ ያለው ሰው ሸሕዲ ቁጭ ብሎ ፈረመላቸው። ስንታየሁ መሬት መሬት ታይ ነበር። እናቴ ደግሞ ለተቆጣጣሪው የሚጠጣ ውሃ አመጣችለት፣ ያን ውሃ እስካሁን አልረሳሁትም። ኧረ ምን በወጣት!

በሚቀጥለው ክረምት ባለ ቆርቆሮ ክፍል ተሠራና ዜሮ ክፍል ተባለ፤ ዲስኩም ከግራሩ ወርዶ እዚያ ተሰቀለ። ስንታየሁ ምስክር ወረቀቷን ይዛ መምህርት ሆነች፣ እናቴም ሰው ለምኖላት በፅዳት ተቀጠረች። ልጆቹ ከልማዳቸው ግንባራቸውን ገልጠው ሲሰለፉ፣ ስንታየሁ ስም ጠርታ ታስገባቸው ነበር። ስድሳ ልጅ ለብቻዋ ይዛ የቱን ትንካ፣ አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል፤ ያኔ ግን ጠልቻት ነበር። አንድ ቀን ከጎጃም የመጣች የአራሚ ልጅ፣ እናኑ፣ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ብላ ገብታ ዴስክ ላይ ተኛች። እኩለ ቀን ላይ እናቴ መጥረጊያዋን ይዛ ስትገባ ግንባሯን ነካችና መጥረጊያውን ወርውራ፣ ልጅቱን አዝላ በጭቃው ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠች። እናኑ ለጥቂት ተረፈች።

ለወረዳው የተላከው ሪፖርት መምህርቷን በንቃቷ አመሰገነ። ለእናቴ የደረሳት ግን ማስጠንቀቂያ ነበር፦ ያለ ሥራዋ ክፍል ገብታ ሕፃን ነክታለች፣ የፅዳት ሥራዋን ጥላ ሄዳለች። ያነበብሁላት እኔ ነኝ። ሙሉ ስሟ የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በሕይወቷ ያገኘችው እሱን ብቻ ነው። አጣጥፋ ሣጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ዛሬም አለ።

ሥልጠና አያስፈልግም አልልም፤ እኔም በሕፃናት መምህርነት ሠልጥኛለሁ። ኮሌጅ ውስጥ አስተማሪያችን የጠዋት የጤና ምልከታ በእጅ ጀርባ እንደሚደረግ አዲስ ነገር አድርጎ ሲነግረን ደሜ ፈላ፤ ፈተና ላይም መጣ፣ ሙሉ ነጥብ አገኘሁበት። እሷ ያወቀችውን ወስደው፣ ለእኔ በማኅተም ሰጥተው፣ እሷን ደጅ አስቀሯት። ይህንን ነው የምጠላው!

ዛሬ ሸሕዲ የማስተምርበት ክፍል የኤሌክትሪክ ደወል አለው፣ ግድግዳውም በሥዕል የተሞላ ነው፤ ዲፕሎማዬም ቢሮው ውስጥ ተሰቅሏል። ባለፈው ሳምንት እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ልጆቹ በር ላይ ተሰልፈው አገኘቻቸው። እንደ ድሮው ዘው ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ከደጅ ቆመችና «ልንካቸው? ይፈቀዳል?» አለችኝ። እኔን አስፈቀደችኝ።

ሄጄ ከሰልፉ መጨረሻ ቆምሁና ፀጉሬን ከግንባሬ ገፋሁ። ልጆቹን አንድ በአንድ ነክታ እኔ ዘንድ ስትደርስ የእጇን ጀርባ አሳረፈችና ቆየት አደረገችው። «የዛሬውስ ጭስ አይደለም፤ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትቃጠዪው?» አለችኝ።

«አልታመምሁም እቴ ጥሩ» አልኋት፤ «ንዴት ነው።»