ማዕዛ የተላጨች ዕለት

ካዛንቺስ ማዕዛን የሚያውቃት በሻሿ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከእናቷ ከሙሉነሽ በቀር ራሷን ገልጣ ያያት የለም። ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ናት፤ ቀልደኛ፣ ምላሰ ፈጣን። ግን ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር እጇ ወደ አናቷ ይሮጣል። ገና በሃያ ስምንት ዓመቷ ፀጉሯ ከመሃል ሳስቶ ሳስቶ ቆዳዋ መታየት ጀምሮ ነበር።

ያልሞከረችው የለም! ቅቤው፣ ሬቱ፣ ቀይ ሽንኩርቱ። የሽንኩርቱ ሰሞንማ ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ ሁሉ «ኧረ መስኮት ክፈቱ!» ይል ነበር። በኋላ ኢንተርኔት ላይ ፀጉር መልሶ ያበቅላል ስለሚባለው ስቴም ሴል አነበበችና መቆሚያ መቀመጫ አጣች። ያነበበችውን ሁሉ በቢሮው ወረቀት አትማ፣ ለገሃር ወዳለ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ገሰገሰች።

«ይሄን ስቴም ሴል ይትከሉልኝ» አለች፣ ገና ሳትቀመጥ።

ዶክተር ነጋሲ ሳቁ። «የለሽም ያለሽ ማነው? በእያንዳንዱ የፀጉር ሥር ውስጥ አለሽ እኮ። ዘር በይው፤ አዲስ ፀጉር የሚነሳው ከሱ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ አባዝቶ መትከሉ ገና ምርምር ላይ ነው፤ እናደርጋለን የሚሉሽን አትመኚ። ያንቺ ዘሩ አልሞተም፣ ሥሩ ጫጭቶ ነው። ይሄን ፈሳሽ ጠዋትና ማታ ተቀቢ፣ ይቀሰቅሰዋል። መጀመሪያ እንዲያውም ይረግፋል፤ እንዳትደነግጪ።»

ደነገጠች እንጂ! በሦስተኛው ሳምንት ማበጠሪያዋ ሲሞላ ዶክተሩ ዘንድ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ደወለች። መስታወት ፊት ቆማ፣ ተቀምጣ፣ ተመልሳ ቆማ እናቷን አሰለቸቻት። «አንቺ ልጅ፣ ጤፍ እንኳ በዘሩት ማግሥት አይታጨድም!» ትላት ነበር ሙሉነሽ። በሰባተኛው ወር ግን መጣ። አጭር፣ ጥቁር፣ ለስላሳ። እናትና ልጅ ሳሎን ውስጥ እልል አሉ።

ወር ሳይሞላ ሙሉነሽ በድንገት ሞተች።

በቀብሩ ማግሥት አክስቷ ወይዘሮ መድኃኒት ከአክሱም ደረሱ፤ እሳቸው ለእህታቸው ተላጭተዋል። በነሱ አገር እናቷ የሞተችባት ሴት ፀጉሯን ትላጫለች፤ ወጉ ነው። «ለእናት ያልተላጩት ፀጉር ለማን ሊሆን ነው?» አሉና ምላጭ አስመጡ። ማዕዛ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ድንኳኑ ውስጥ ሹክሹክታው ተነሳ፦ «ጨካኝ! ለወለደቻት እናት ፀጉሯን ትሰስታለች?»

እሷ ጓዳ ውስጥ ምን ታደርጋለች? ዶክተሩ ዘንድ ትደውላለች!

«ዶክተር፣ ብላጨው ዘሩ ይሞታል?»

«አይሞትም፤ ምላጭ እሱ ጋ አይደርስም። ያው፣ አሁን ያለሽን ያህል ለማየት ወራት ትጠብቂያለሽ። ለምን ትላጪዋለሽ?»

«እናቴ ሞታ።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ ዶክተሩ።

ማዕዛ አፈረች። እናቷን ትናንት ቀብራ ዛሬ ስለ ፀጉር ትጠይቃለች! በሩን ከፍታ ወጣችና አክስቷ እግር ሥር ተቀመጠች። ወይዘሮ መድኃኒት ሻሿን ፈቱ፤ ያን የሳሳ አናት፣ ያን አዲስ ለጋ ፀጉር አዩና እጃቸው ቀጥ አለ።

«ውይ ልጄ! ይሄን ነበር እንዴ የምትደብቂው?» አሉ ቀስ ብለው። «በይ ይቅር። አልላጭሽም። ሻሽሽን እሰሪ፣ ተላጨች እላቸዋለሁ።»

ማዕዛ ቀና ብላ አየቻቸው። የፈለገችው ይኸው መጣላት፤ ማንም አያውቅም። ግን እሺ ማለት አቃታት።

«ይላጩኝ፣ እትዬ» አለች።

በሰልስቱ ድንኳኑ ጢም ብሏል፤ የቢሮ ሰዎች ሳይቀሩ መጥተዋል። አንዷን ባልደረባዋን ልታቅፍ ስትነሳ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። እጇ ወደ አናቷ ሮጠ። ማንም ግን አልተጠቋቆመም፤ ማንም ዓይኑን አልሰበረም። «ለእናቷ ተላጨች፣ የታደለች እናት፣ ወጓን አደረሰችላት» አሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ የሸሸችው የሰው ዓይን በሙሉ ባዶ አናቷን አይቶ አከበራት። አየሩ ቆዳዋን ሲነካት ደስ አላት። በእናቷ ሰልስት ደስ አላት! ይሄን ጉድ አሁኑኑ ሮጣ ለሙሉነሽ ልትነግራት ወደ ቤት ሁለት እርምጃ ተራመደች።

ከዚያ ቆመች፤ ጩኸቷን መንደሩ ሁሉ ሰማ።